በክንድ ውስጥ የሚቀበረው ጎማ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን አልፎ ከሚሴ ሲገባ የቆላው ሙቀት ይቀበለዋል። በዚያ ገበያም ሆነ በባቲው የሰኞ ገበያ ከሚያልፉት ሴቶች አንዳንዶቹ በክንዳቸው ቆዳ ሥር የክብሪት እንጨት የምታህል ዘንግ ይዘው ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት በኢትዮጵያ ካገቡት 100 ሴቶች 9ኙ ያህል ይህን የወሊድ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር። ነገር ግን «ጎማው ወደ ልብ ይሄዳል፤ ደም ይመርዛል» የሚለው ወሬ ከዘንጉ ጋር አብሮ ይዞራል። እውነቱ ምን ይሆን?

በመጀመሪያ ስሙን እንለይ። ሲሊከን በአሸዋ ውስጥ የሚገኘው ንጥረ ነገር ነው፤ ሲሊኮን ግን ሲሊከንና ኦክሲጅን እየተፈራረቁ የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ሲሆን፣ በጎንና ጎኑ ካርቦንና ሃይድሮጅን ተለጥፈውበታል። በኖቲንግሃም ያስተምር የነበረው እንግሊዛዊ ፍሬዴሪክ ኪፒንግ ብዙ ዓመት ደክሞበት ሳለ ከዝልግልጉ ነገር ጥቅም ይወጣል ብሎ አላሰበም ነበር። ሆኖም ሲሊኮን እስከ 200 ዲግሪ ሙቀት የሚችል፣ ውሃ የማያርሰው፣ የሰውነትም ፈሳሽ የማይቆራርሰው ሆኖ ተገኘ። ሰውነታችን እንግዳ መሆኑን ያውቃል፤ ዳሩ ግን እንደ እሾህ መግል ይዞ አይታገለውም፤ ዙሪያውን በስስ ሽፋን ከብቦ ይተወዋል። እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ ጆን ሆልተር የተባለ መካኒክ ጭንቅላቱ ውሃ ለቋጠረው ልጁ ሲል የሠራው ማፍሰሻም ከዚሁ ከሲሊኮን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ ጁዳ ፎክማንና ዴቪድ ሎንግ መድኃኒት በሲሊኮን ቱቦ ግድግዳ ቀስ እያለ እንደሚሾልክ አሳወቁ። ሼልደን ሴጋል ይህን ሲያይ «ሆርሞንስ ለምን አይሾልክም?» አለ። ከዚያ የተገኘው ባለ 6 ዘንግ ኖርፕላንት እ.ኤ.አ. በ1983 በፊንላንድ ተፈቀደ፤ ዛሬ ቀርቷል። ተከታዩ ጃዴል 2 የሲሊኮን ዘንግ ብቻ ሲኖረው 5 ዓመት ያገለግላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በአገራችን ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እንዲቀብሩት የሠለጠኑበት ባለ 1 ዘንግ ኢምፕላኖን ሲሊኮን አይደለም፤ ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ነው። ስለዚህ «ሲሊኮን ጎዳኝ» የምትል እኅት በክንዷ ሲሊኮን ላይኖር ይችላል።

ሲሊኮን ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት ግን አይደለም። ፒ.አይ.ፒ. የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ለጡት ማስተካከያ የፋብሪካ ሲሊኮን ሲሞላ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራው ቆመ፤ መሥራቹም በ2013 ተፈረደበት። ፈሳሹን ሲሊኮን መልክ ለማሳመር በመርፌ መወጋትማ እጅግ አደገኛ ነው፤ ከገባበት ቦታ ይሰደዳልና። ዘንጉም ቢሆን በቆዳው ሥር ወዲያው መቀመጥ አለበት፤ ጠልቆ ከገባ፣ አልፎ አልፎም ቢሆን፣ ከቦታው ሊንቀሳቀስ ይችላል።

ሴቶችን በብዛት የሚያስቸግረው ግን ጎማው ሳይሆን በውስጡ ያለው ሆርሞን ነው፤ የወር አበባን ያዛባል። ይህ ለአንድ የከሚሴ ባለትዳር ቀላል ነገር አይደለም፤ ያለ ቀኑ ደም ባየች ቁጥር ስለ ሶላቷና ስለ ጾሟ ትጨነቃለች። ያን ጊዜ «አውጡልኝ» ትላለች፤ መብቷም ነው። ይሁንና በጅምሩ ማስቀበሩ በሠፈሯ ጤና ኬላ ሲሆን፣ ማውጣቱ ወደ ጤና ጣቢያ የሚላክ ነበር። መግባቱ ቅርብ፣ መውጣቱ ሩቅ ሆነ። በማደንዘዣ መርፌ ታግዞ በጥቂት ደቂቃ ለሚያልቅ ሥራ የግማሽ ቀን መንገድ ሲጨመርበት፣ ወሬው ጆሮ ቢያገኝ ምን ያስደንቃል?

እንግዲህ ለእኅት ወይም ለባለቤት የሚጠየቅ ጥያቄ ሦስት ነው፤ የገባው የትኛው ዘንግ ነው? የሚወጣበት ቀን በካርዱ ላይ ተጽፏል? የሚያወጣውስ ማን ነው፣ የትስ ነው? ይህ የሚጠየቀው ዘንጉ ከመግባቱ በፊት ነው።