መርዝ የጠጣ እንጨትን ስለ ማንጻት

ምስጥና ሻጋታ እንዳይበሉት እንጨትን መድኀኒት ማጠጣት በብዙ አገር የተለመደ ሥራ ነው። ከመድኀኒቶቹም እጅግ የታወቀው ከመዳብ፣ ከክሮሚየምና ከአርሴኒክ የተቀመመው ነው፤ ይኸውም ሶንቲ ካሜሳን የተባሉ ሕንዳዊ ሊቅ በ1933 (ዘመኑን ሁሉ የምንቈጥረው እንደ አውሮፓ ነው) በዴህራ ዱን ከተማ፤ በደን ምርመራ ቤት ያገኙት ነው። መዳቡ ሻጋታን ይከለክላል፤ አርሴኒኩ ምስጥን ይገድላል፤ ክሮሚየሙም ሁለቱን ከእንጨቱ ጋራ አጣብቆ ዝናም እንዳያጥባቸው ይይዛል። ስለዚህ ለምሰሶ፣ ለአጥርና ለሰገነት ብዙ ዘመን ሲፈለግ ኖረ።

ነገር ግን ምስጥን የሚገድል ሰውንም አይምርም። በአሜሪካ፤ በዊስኮንሲን ገጠር ስምንት ነፍስ ያለበት አንድ ቤተ ሰብ ብርድ በመጣ ቍጥር የዚህን እንጨት ትራፊ በምድጃ እያነደደ ይሞቅ ነበር። ጠጕራቸው ረገፈ፤ ቈዳቸው ሽፍ አለ፤ የመንዘፍዘፍ ሕመምም ገባባቸው። ሐኪሞች ምክንያቱን መርምረው በ1984 አሳተሙት። እሳት እንጨቱን ይበላል እንጂ አርሴኒኩን አያጠፋውም፤ ከፊሉ ከጢሱ ጋራ ይወጣል፤ የቀረው በዐመዱ ይቀመጣል።

በአሜሪካ ፋብሪካዎቹ እስከ 2003 መጨረሻ ለመኖሪያ ቤት መሥራቱን ተዉ፤ አውሮፓም በ2004 አጠበበችው። ቀድሞ የቆመው እንጨት ግን እያረጀ ይወድቃል። ቢቀብሩት መርዙ ቀስ በቀስ ወደ ውሃ ይሰርጋል።

ሊቃውንት በቅጠላ ቅጠል ውስጥ የሚገኘውን ኦክሳሊክ አሲድ ሞከሩ። ክሮሚየሙንና አርሴኒኩን መልካም አድርጎ አወጣ፤ ከመዳቡ ጋራ ግን በውሃ የማይሟሟ ጨው ሠርቶ እዚያው ቀረ። በ2003 ደግሞ የእንግሊዝ አገር ሊቃውንት አንድ የሚያስደንቅ ነገር ገለጡ። ለዶሮ መኖ የሚጨመረው ኮሊን ክሎራይድ በ302 ዲግሪ፤ ማዳበሪያ የሆነው ዩሪያ በ133 ዲግሪ ይቀልጣሉ፤ አንዱ እጅ ከሁለት እጅ ዩሪያ ጋራ ሲቀላቀል ግን በ12 ዲግሪ ፈሳሽ ይሆናል። በዩሪያው ፈንታ ኦክሳሊክ አሲድ ቢገባ የብረታ ብረትን ዝገት፤ የመዳብንም ጭምር፤ ያሟሟል። ይህን ለመሰለው ሥራ የታሰበው ስለዚህ ነው፤ እንጨቱን ፈጭቶ በሞቀው ፈሳሽ መዘፍዘፍ፤ ኋላም ማጠብ ነው።

«ንጹሕ ፈሳሽ» የሚለውን ስም ግን እኛ በግማሽ ብቻ እንቀበለዋለን። አርሴኒኩን ከጠጣ በኋላ ፈሳሹ ራሱ መርዝ ነው፤ የታጠበበትም ውሃ እንዲሁ፤ መዳቡንና የቀረውን ለይቶ የሚያወጣ ሌላ ሥራ ይከተለዋል።

የቤት ባለቤት ግን የሊቃውንትን ፍጻሜ ሳይጠብቅ ይጠንቀቅ። አሮጌ የታከመ እንጨት በማድቤት አይነደድ፤ ዐመዱም ወደ ጓሮ አትክልት አይጣል፤ ሲሰነጠቅ አፍና አፍንጫ ይሸፈን። አረንጓዴው ቀለም በፀሐይና በዝናም ወደ ግራጫ ይለወጣልና፤ መልኩን ብቻ አይቶ «ይህስ ደኅና ነው» ማለት አይቻልም።