«ሥራ ልለቅ ነው» ሲል ምን ይባላል? የትዳር አጋራችሁ በ43 ዓመቱ አዲስ ነገር ሊጀምር ሲነሳ

እራት ተበልቷል፣ ልጆቹ ተኝተዋል። ባል ስልኩን አስቀመጠና «አንድ ነገር ላማክርሽ» አለ። 14 ዓመት የሠራበትን ባንክ ለቆ ዶሮ እርባታ ሊጀምር ነው።

ይህ ቤት ነገሩን ለማስረዳት እኛ ያሰብነው ምሳሌ ነው። ሰውየው 43 ዓመቱ ነው፤ ደመወዙ 18,000 ብር። ሚስቱ አስተማሪ ናት። ሁለት ልጆች አሏቸው፣ በትዳር ያፈሩት አንድ ኮንዶሚኒየምም አለ። ምሳሌ ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ወሬ በቤታችሁ ወይም በጎረቤት ያልሰማችሁ ብዙ አትሆኑም። ብዙዎቻችሁ ገና 20ዎቹ ውስጥ ናችሁ። ውሳኔው ግን ዛሬ የእናትና የአባታችሁ ወይም የታላቅ እህታችሁ ሊሆን ይችላል። ነገ ደግሞ የእናንተ ነው።

እና ሚስት ምን ትበል? «አይዞህ፣ እግዜር ያውቃል» ብላ ብትተወው ቤቱ ሊናጋ ይችላል። «አብደሃል እንዴ?» ብትለው ደግሞ ሰውየው ቂሙን ይዞ ጡረታ ይወጣል። በሁለቱ መካከል ሊሠራ የሚችል ነገር አለ፤ እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

በ40ዎቹ ለምን ይከብዳል?

በ23 ዓመታችሁ ሥራ ብትለቁና ባይሳካ፣ ተመልሳችሁ የምትገቡበት የእናት ቤት አለ። በ43 ግን ያ የእናት ቤት እናንተ ራሳችሁ ናችሁ። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ እድሩ፣ የታመመ አባት መድኃኒት፣ ሁሉም እናንተን ይጠብቃል። ካልሆነም በ45 ዓመት ሥራ ፍለጋ መውጣት በ25 እንደ መውጣት አይቀልም።

በሌላ በኩል ሰውየው ዝም ብሎ አልተነሳም። ኑሮው እየናረ ደመወዙ ባለበት ሲቆም እያየ ነው። ጡረታ መውጫው 60 ዓመት ስለሆነ ገና 17 ዓመት ይቀረዋል። ሕልሙን ከመናቃችን በፊት ይህንንም እንቁጠርለት።

1. መልቀቂያው ከመግባቱ በፊት በእጅ ያለውን ቁጠሩ

ብዙ ሰው «በፈቃዴ ከለቀቅኩ ምንም አላገኝም» ይላል። ሁልጊዜ እውነት አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ከ5 ዓመት ያላነሰ ያገለገለና ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የማገልገል ግዴታ የሌለበት ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ቢለቅም የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል።

ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ። ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ለእኛ ሰውዬ ሲሰላ፦ 18,000 + (13 × 6,000) = 96,000 ብር ገደማ። ያልተጠቀመበት የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰብለታል። ክፍያው ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት።

ልብ በሉ፦ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ግዴታ ነው። ተናድዶ ቦርሳውን አንሥቶ የወጣ ሰው እስከ 30 ቀን ደመወዝ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል። ደግሞም ይህ አዋጅ የመንግሥት ሠራተኛን (ሲቪል ሰርቪስ) እና የሥራ መሪዎችን አይመለከትም፤ እነሱ የሚተዳደሩበት ሌላ ነው።

ጡረታውስ? በግል ድርጅት ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ሲገባ ቆይቷል። 14 ዓመት የተጠራቀመ አገልግሎት ምን መብት እንደሚሰጥ ከመፈረም በፊት ሄዶ መጠየቅ ነው፤ ከፈረሙ በኋላ ማወቅ ብዙም አይረዳም።

2. ሂሳቡን ሁለታችሁ ሥሩ

ቤቱ በወር 26,000 ብር ያወጣል እንበል። የሚስት ደመወዝ እጅ ላይ የሚደርሰው 11,000 ነው። ጉድለቱ 15,000 ብር። 96,000 ብር ይህን ጉድለት የሚሸፍነው ለ6 ወር ከጥቂት ቀን ነው።

አሁን ወደ ዶሮው። የአንድ ቀን ጫጩት ገዝቶ የጀመረ ሰው እንቁላል የሚያየው ከ5 ወር ገደማ በኋላ ነው። እስከዚያ መኖ፣ ክትባትና መብራት ወጪ ብቻ ነው። ቄብ ገዝቶ ቢጀምር ጊዜው ያጥራል፣ ዋጋው ግን ይጨምራል። ፈንግል ከገባ ደግሞ መንጋው በቀናት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። እንቁላሉ የደረሰው ዐቢይ ጾም ሲገባ ከሆነስ? 55 ቀን ሙሉ ብዙ ደንበኛ እንቁላል አይገዛም፤ ዶሮዋ ግን አትጾምም፣ መኖዋን ትበላለች።

ስለዚህ ያ 96,000 ብር ለቤትም ለዶሮም አይበቃም። ሁለት የተለያየ ሂሳብ ክፈቱ፦ «የቤት ብር» እና «የሥራ ብር»። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዘዋወረው ሁለቱም ሲስማሙ ብቻ ይሁን። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው «ለዛሬ ብቻ ከቤት ወጪው ልውሰድ» በሚለው ነው።

3. ሳይለቁ መሞከር ይቻላል

በአዋጁ የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ በየ2 ዓመቱም 1 ቀን ይጨመራል። 14 ዓመት የሠራ ሰው ከ20 ቀን በላይ አለው ማለት ነው። ያን ፈቃድ ሶፋ ላይ ከማሳለፍ አንድ የሚያውቀው ዶሮ አርቢ ጋ ሄዶ ኩስ ይጥረግ፣ መኖ ይመዝን፣ እንቁላል ይዞ ሱቅ ለሱቅ ይዙር። ከዚያም በትንሽ ቁጥር ጀምሮ አንድ ዙር ይሞክር። ከሦስት ሳምንት በኋላም «እፈልገዋለሁ» ካለ ወሬው ቁም ነገር ሆኗል።

4. ፊርማችሁ ዋጋ አለው

ከሁሉም በላይ እዚህ ጋ ቆም በሉ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) የጋራ የሆነን ቤት ለመሸጥም ሆነ በመያዣ ለመስጠት የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። ከ500 ብር በላይ መበደር ወይም ለሌላ ሰው ዋስ መሆንም እንዲሁ ነው። አዎ፣ 500 ብር! ካርታው በአንዱ ስም ብቻ መሆኑ ቤቱን የግል አያደርገውም፤ በትዳር ውስጥ ያለ ንብረት የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ሕጉ በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ብዙ ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው የአካባቢያችሁን ጠይቁ።

ባንክ ወይም ማይክሮፋይናንስ «ሚስትም ትምጣና ትፈርም» የሚለው ለዚህ ነው። «ሥራህን እደግፋለሁ፣ ቤቱን ግን አላስይዝም» ማለት ክህደት አይደለም። አንድ ቤተሰብ ሥራም ቤትም ባንድ ጊዜ ካጣ መነሻ ያጣል።

ሌላም መንገድ አለ። በግል ንግድ ፈቃድ የሚሠራ ሰው ለንግዱ ዕዳ በራሱ ንብረት ይጠየቃል። አዲሱ የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) ግን አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ይህ የንግዱን ዕዳ ከቤቱ ለመለየት ይረዳል። አበዳሪው የግል ዋስትና አስፈርሞ ከሆነ ግን ጥበቃው ያን ያህል አይሠራም። የምትፈርሙትን አንብቡ።

5. ቀን ቁረጡ

«እስኪሳካ ድረስ» የሚባል ቀጠሮ የለም። ዛሬ፣ ሁለታችሁም ሳትናደዱ፣ በወረቀት ጻፉ፦ በ12ኛው ወር ሥራው ቢያንስ የመኖ ወጪውን ካልቻለ ምን እናደርጋለን? ከስንት ብር ዕዳ አናልፍም? መንጋው ቢያልቅ ድጋሚ እንገዛለን ወይስ እናቆማለን? ቀኑ ሲደርስ የሚናገረው ወረቀቱ ስለሆነ ማንም ማንንም አልከለከለም።

6. ስለ አፍ ጉዳይ

በየማታው «ዛሬ ስንት ሸጥክ?» የሚል ጥያቄ ሚስትን ኦዲተር ያደርጋታል። የብር ወሬ በሳምንት አንድ ቀን ይሁን፤ እሁድ ከቡና በኋላ ደብተሩን አብራችሁ እዩ። ሌላው ቀን የሰው ወሬ ይወራ።

ዘመድ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይላችኋል። ይበል። ግን አጋራችሁን በዘመድ ፊት አሳልፋችሁ አትስጡ። ቅሬታ ካላችሁ ለብቻው፣ ለራሱ።

ደጋፊውም ሰው ነው። ደመወዟ ቤቱን ብቻውን የተሸከመ ሚስት ይደክማታል፣ «ደክሞኛል» የማለት መብትም አላት። እሱም ቀኑን ቤት አካባቢ ከዋለ ልጆችን ማምጣትና ምሳ ዕቃ ማጠብ የእሱ ድርሻ ይሁን። ለቃቂዋ ሚስት ስትሆንም ያው ነው፤ ችግሩ ያኔ ብዙ ቤት ወጡንም ሥራውንም እሷ ላይ ይተወዋል። ይህ ድጋፍ አይባልም።

ወደዚያች ማታ እንመለስ። ባል ተናግሮ ጨርሶ መልስ እየጠበቀ ነው። ሚስት ዛሬውኑ «እሺ» ወይም «እንቢ» የማለት ግዴታ የለባትም።

«እሺ፣ እስክሪብቶና ደብተር አምጣ» ብትለው ይበቃል።