አልጋው ርካሽ፣ ውሃው ውድ፦ ቤተሰብ ይዞ ወደ ታጁራ ባሕር

«እማ፣ ባሕር ከላንጋኖ ይበልጣል?»

ትንሹ ልጄ ይህን የጠየቀኝ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ነው። በእርስዎም ቤት ተመሳሳይ ጥያቄ ሳይነሣ አልቀረም። መልሱን በዓይን ለማሳየት ሲያስቡ በመጀመሪያ የሚመጣው የዱባይ ወይም የዛንዚባር ማስታወቂያ ነው፤ ቀጥሎ ዋጋው ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ይዘጋል። እኛም ቤት ሁለት ዓመት ተዘግቶ ከርሟል።

ከመዝጋትዎ በፊት ግን ካርታውን አንድ ጊዜ ይዩት። ከአዲስ አበባ በባቡር ሐዲድ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ባሕር አለ። ጅቡቲ ከተማ ራሷ ለቤተሰብ ሽርሽር ውድ ናት፤ ይህን ማንም ሄዶ የመጣ ሰው ይነግርዎታል። ወደቡና የውጭ ወታደሮች ያሉባት ከተማ ስለሆነች የሆቴሉ ዋጋ ለእኔና ለእርስዎ ተብሎ የወጣ አይደለም። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ በሰሜኑ ዳርቻ ያለችው ታጁራ ግን ሌላ ናት። ትንሽ፣ ነጫጭ ቤቶችና መስጊዶች ያሏት፣ ጀርባዋን ለጎዳ ተራሮች ሰጥታ ውሃው ላይ የተቀመጠች ጥንታዊ ከተማ። የሸዋ ነጋዴዎች ቅፍለት ወደ ባሕር የሚወርደው በእሷ በኩል ነበር፤ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦም ለምኒልክ ሊሸጥ ያሰበውን ጠመንጃ ይዞ ወደ አንኮበር ለመነሣት ወራት የጠበቀው እዚያ ነው። እኛ የጠበቅነው ጀልባ ብቻ ነው፤ እሱም በቂ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ከታጁራ በስተምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲሄዱ ሳብል ብላን የሚባል ነጭ አሸዋ ያለበት ዳርቻ ያገኛሉ። በዚህና በአካባቢው ያለው ማረፊያ «ሆቴል» ለመባል የሚያፍር ዓይነት ነው፦ የአፋሮችን ዳቦይታ መስለው ከእንጨትና ከሰሌን የተሠሩ ጎጆዎች፣ ፍራሽ፣ የጋራ ሽንት ቤት፣ የጋራ መታጠቢያ፣ ማታ ለጥቂት ሰዓት የሚሠራ መብራት። በሩን ሲከፍቱ ግን ባሕሩ ሃያ እርምጃ አይርቅም።

በየትኛው ወር?

የቤተሰብ ዕቅድ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ልጆቻችን ረጅሙን ዕረፍት የሚያገኙት በክረምት ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ። ያ ወቅት ለጅቡቲ የመከራ ወቅት ነው። ቀትር ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከበረሃው አቧራ ይዞ የሚመጣው ትኩስ ነፋስ ይነፍሳል፤ ማቀዝቀዣ የሌለው ጎጆ ውስጥ ሕፃን ይዞ ማደር አይታሰብም። «አዲስ አበባ ዝናብ ሰልችቶናል፣ ፀሐይ እንሙቅ» ብለው እንዳይሸወዱ።

የሚሄዱት ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። በጥር ቀኑ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሌሊቱ ደግሞ ቀጭን አንሶላ ያስፈልገዋል። ለተማሪ ቤተሰብ የሚመቸው የገና ሰሞን ወይም በሁለቱ ሴሚስተሮች መካከል ያለው ዕረፍት ነው። የትምህርት ቤትዎን ካላንደር በመስከረም ሲቀበሉ ቀኑን ያኔውኑ ምልክት ያድርጉበት።

ሁለት ነገር ደግሞ ይጨምሩበት። በጅቡቲ የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ የከተማው ሰው ወደ ዳርቻው የሚወጣው በእነዚህ ቀናት ስለሆነ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ያለውን ቢመርጡ ቦታውም ሰፊ ነው፣ በዋጋ ለመከራከርም አፍ ያገኛሉ። ሌላው ረመዳን ነው። ወሩ ከዕረፍትዎ ጋር ከገጠመ ቀን ቀን የሚበላ ነገር ማግኘት ከባድ ነውና አስቀድመው ይጠይቁ። የገና ጾምን ለሚጾሙ፣ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ከቤት ጨርሳችሁ ውጡ፤ እዚያ ከደረሱ በኋላ ከዓሣ ውጭ ያለው ምርጫ ሩዝ፣ ፓስታና ዳቦ ነው።

ገንዘቡ የት ይሄዳል?

ባለፈው ጥር አራት ሆነን ሄደን ስንመለስ ደብተሬን ስደምር አልጋው ከጠቅላላ ወጪያችን ሩቡን እንኳ አልሞላም። ስለዚህ «በሌሊት ስንት ነው?» ብሎ ጀምሮ እዚያው ላይ የሚያበቃ ሰው በጀቱን አልያዘም። ትልቁን ድርሻ የወሰዱት መጓጓዣና ውሃ ናቸው።

ከፓስፖርትና ከቪዛ ይጀምሩ። ቪዛው በኢንተርኔት ይጠየቃል፤ የልጆቹንም እያንዳንዱን ይቁጠሩ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ይያዙ። ባንክ ዶላር የሚሸጥልዎ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት አይቶ ስለሆነ ቅደም ተከተሉን እንዳያዛቡ። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ የዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ስለጨመረ፣ ከዚያ በፊት ሄዶ የመጣ ጎረቤት የሚነግርዎትን የብር ሒሳብ አይመኑ። ሒሳቡን በጅቡቲ ፍራንክ ይሥሩት። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር ለብዙ ዓመታት በአንድ ዋጋ ታስሮ የቆየ ነው፤ አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ከምናምን ነው። በጭንቅላትዎ ለማስላት 1,000 ፍራንክ ሲባሉ 5 ዶላር ከ60 ሳንቲም ብለው ይያዙት።

ባቡሩ ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ተነሥቶ በአዳማና በድሬዳዋ አድርጎ ጅቡቲ ነጋድ ጣቢያ ይደርሳል። የሚሄድባቸው ቀናት ስለሚለዋወጡ ትኬት ቢሮው ሄደው ይጠይቁ፤ በስልክ የተነገረኝ ቀን እና ቢሮው የነገረኝ ቀን አልተገናኙም። ሕፃናት ካሉ ድሬዳዋ አንድ ሌሊት እንዲያድሩ እመክራለሁ። ወጪ ይመስላል፤ ነገር ግን ሙሉ ቀን የተጨናነቀ ልጅ በማግሥቱ ባሕር ሳይሆን አልጋ ነው የሚፈልገው። ከአዲስ አበባ ብርድ በቀጥታ ባሕር ወለል ላይ ከመውደቅም ሰውነት ድሬዳዋ ላይ ትንሽ ቢለማመድ ይሻላል።

ነጋድ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ታክሲዎቹ ቆጣሪ የላቸውም፤ ሳይገቡ ዋጋ ይቁረጡ። ከጅቡቲ ወደብ ወደ ታጁራ የሚሻገር ጀልባ በሳምንት የተወሰኑ ቀናት አለ፤ ዕቅድዎ ሁሉ የሚታሰረው በዚህ ጀልባ ቀን ነው። ጀልባው ካመለጠዎ ባሕረ ሰላጤውን ዞሮ የሚሄደው መንገድ ወደ 170 ኪሎ ሜትር ነው፤ መኪና ብቻዎን ከተከራዩ ያተረፉትን ሁሉ ይበላዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የጀልባውን ቀን፣ ከዚያ የባቡሩን፣ በመጨረሻ የጎጆውን ቀን ይያዙ። እኛ ገልብጠን ይዘን ጅቡቲ ከተማ ያላሰብነውን አንድ ሌሊት አደርን። መጽናኛችን ማታ በምድጃ የተጠበሰው የየመን ዓሣና እንደ ጋዜጣ የሰፋው ትኩስ ቂጣ ነበር። ለአራት ሰው አንድ ትልቅ ዓሣ ይበቃል፤ በየራስ አይዘዙ።

ውሃ

ስለ ውሃ ትንሽ ልግፋበት። በረሃና ባሕር በተገናኙበት ቦታ ዙሪያውን ውሃ እያዩ የሚጠጣው ግን ከሩቅ የሚመጣ ነው። በማረፊያው የታሸገ ውሃ አለ፤ ዋጋው ግን የከተማው አይደለም። ለአንድ አዋቂ በቀን 4 ሊትር፣ ለአንድ ልጅ 3 ሊትር ቢይዙ ለአራት ሰው ቤተሰብ 14 ሊትር ይሆናል፤ ለሦስት ቀን 42 ሊትር። ይህ ባለ አንድ ሊትር ተኩል ጠርሙስ 28 ነው። ከከተማ ሱቅ ስድስት ስድስት የታሰሩትን አምስት እስር ይግዙና ጀልባው ላይ ይጫኑ። ሰው ይስቅብዎታል፤ ይሳቅ። በሁለተኛው ቀን የሚስቁት እርስዎ ነዎት።

ለመታጠቢያ የሚመጣው ውሃ በጣም ትንሽ ነው፤ አንዳንዴም ጨው ጨው ይላል። ልጆቹን «ከባሕር ስትወጡ አንድ ጆግ ለአንድ ሰው» ብለው ከመጀመሪያው ቀን ያስለምዱ። የልጃገረዶችን ፀጉር ከመሄድዎ በፊት ሹሩባ ያሠሩት፤ በጨውና በአሸዋ የተያዘ ፀጉር በአንድ ጆግ ውሃ አይፈታም።

አንድ ነገር ልንገርዎት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። በሁለተኛው ቀን ትንሹ ልጄ ከረፋድ እስከ ስምንት ሰዓት ያለ ኮፍያ ሲጫወት ዝም አልኩት። ደስ ብሎታል ብዬ ነው። አሥር ሰዓት ላይ ፊቱ ጋለ፣ አስታወከው፣ ዓይኑ ፈዘዘ። በጎጆው አካባቢ ሐኪም የለም፤ ስልኩ ኔትወርክ ሲያገኝም ሲያጣም ነው። ከጥላ ሥር አስተኝተን፣ እርጥብ ነጠላ አልብሰን፣ ኦ.አር.ኤስ በማንኪያ በማንኪያ ስንሰጠው አመሻሹ ላይ መለስ አለ። ባይመለስ ኖሮ ታጁራ ከተማ ሆስፒታል መውሰድ ነበረብን፤ በምን መኪና እንደምንወስደው ግን አላሰብንበትም። እርስዎ አስቀድመው ያስቡበት። ያደረሰዎትን ሾፌር ስልክ ይያዙ፣ ሌሊት ቢጠራ ስንት እንደሚያስከፍል ይጠይቁ፣ ያንን ገንዘብ ለብቻው በፖስታ ያስቀምጡና አይንኩት። ኦ.አር.ኤሱን ከአዲስ አበባ ይግዙ። ካጡ ደግሞ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ላይ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም ለጥ ያለ ማንኪያ፣ መበጥበጥ ነው። ከአምስት እስከ አሥር ሰዓት ልጅ ከጥላ አይወጣም፤ ካርታ፣ ዳማ፣ እንቅልፍ።

ሲደውሉ የሚጠይቁት

ዋጋው በሰው ነው ወይስ በጎጆ? የልጅ ቅናሽ አለው? «ምግብን ጨምሮ» ሲሉ የትኛውን ምግብ ነው? ለእኛ ቁርስና እራት ማለት ነበር፤ ምሳ፣ ሻይና ውሃ ለብቻ ተቆጠሩ። ማንም አላታለለንም፣ እኛ አልጠየቅንም። ከታጁራ ከተማ እስከ ዳርቻው የሚያደርሰው መኪና ወይም ጀልባ ተካትቷል? መብራቱ ስንት ሰዓት ይጠፋል? አጎበር አለ? ይህ የመጨረሻው ቀልድ አይደለም፤ ጅቡቲ ውስጥ ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ ወባ በጣም ጨምሯል፣ ከተማ ውስጥ የምትራባ አዲስ ዓይነት ትንኝም ገብታለች። አለ ቢሉዎትም የራስዎን አጎበር ይያዙ፤ ቀላል ነው፣ ሻንጣ አይሞላም። ፈረንሳይኛ፣ ዐረብኛ፣ ሶማሊኛ ወይም አፋርኛ የሚችል ዘመድ ካለዎት እሱ ይደውልልዎ።

ስለ ባሕሩ አጭር ነገር። የነፍስ አድን ሠራተኛ አይጠብቁ፤ ከወገብ በላይ የሚገባው ዋና የሚችል ብቻ ነው፣ ልጅ ደግሞ ሁልጊዜ አዋቂ አጠገቡ። ከአሸዋው ቀጥሎ ስለታም ኮራልና እሾኽ ያለው የባሕር ፍጥረት ስላለ ለእያንዳንዱ ሰው ርካሽ የፕላስቲክ ጫማ ይግዙ። ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል፤ ውሃ ውስጥ ሲገቡ ልጆቹን ካናቴራ ያልብሱ። ከኅዳር እስከ ጥር በባሕረ ሰላጤው ውስጥ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ይታያል። ስሙ ያስፈራል እንጂ የሚበላው በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ነገሮችን ነው። ወደ እሱ የሚወስደው ጀልባ የሚከራየው ሙሉ በሙሉ ስለሆነ ከሌላ ቤተሰብ ጋር ካልተካፈሉ በዚህ በጀት አይሞከርም። እኛ አልሄድንም። አልጸጸተኝም፤ የጸጸተኝ አሳል ሐይቅን አለማየታችን ነው፦ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ያለ፣ በአፍሪካ የመጨረሻው ዝቅተኛ ቦታ፣ ዳሩ ሁሉ ጨው። በመኪና ዞረው የሚመለሱ ከሆነ በዚያው አቅጣጫ ነውና ሾፌሩን አስቀድመው ይነጋገሩት።

በሦስተኛው ሌሊት መብራቱ ከጠፋ በኋላ ፍራሾቹን አውጥተን አሸዋው ላይ ተኛን። ትልቋ ልጄ ኮከብ ስትቆጥር እንቅልፍ ወሰዳት። ትንሹ ግን ማዕበሉን ሲያዳምጥ ቆየና «ከላንጋኖ ይበልጣል» አለ። «ግን እማ፣ ማታ ማታ ማንም አይዘጋውም እንዴ?»