የግራፍ ፎቶን ወደ ቁጥር መቀየር፦ የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?

ሰሞኑን የኒውዮርክን ቡና ግራፍ በፎቶ እየላካችሁ «እዚህ ጋ ስንት ነበር?» የምትሉን በዝታችኋል። በዓይን መገመት ዋጋ ያስከፍላል። በፓውንድ 1 ሴንት ብቻ ብንሳሳት፣ ባለ 60 ኪሎ 320 ጆንያ በተጫነበት አንድ ኮንቴይነር ላይ 423 ዶላር ገደማ ይሆናል። በፈረሱላ (17 ኪሎ) ሲሰላ ደግሞ 37 ሴንት ተኩል ነው። አለታ ወንዶ ወይም በንሳ ላይ እሸት የሚሰበስብ ሰው ግራፍ አይቶ ዋጋ ከቆረጠ፣ ስህተቱ ወይ ገበሬው ላይ ወይ እሱ ላይ ነው የሚወድቀው።

ከፎቶ ላይ ቁጥር የሚያወጡ ሁለት የታወቁ ሶፍትዌሮች አሉ። አንዱ ዌብፕሎትዲጂታይዘር ነው፤ አንኪት ሮሃትጊ የሠራው፣ በብሮውዘር የሚከፈት፣ በነፃ መጠቀም የሚቻል። ሌላው ኢንጌጅ ዲጂታይዘር ነው፤ እሱም ነፃ ነው፣ ግን ኮምፒውተር ላይ ይጫናል። አሠራራቸው ተመሳሳይ ነው። ግራፉ ጎንና ሥር ላይ ዋጋቸው የተጻፈ ነጥቦችን ትጫናላችሁ፣ «ይሄ 300 ነው፣ ይሄ 400 ነው» ብላችሁ ትነግሩታላችሁ፣ ከዚያ የመስመሩን ቀለም ተከትሎ የየቀኑን ዋጋ በሠንጠረዥ ያወጣላችኋል። ወደ ኤክሴል መውሰድ ነው።

የቱ ይሻላል? ለእኛ ሥራ፣ አንድ ሁለት ግራፍ ለማንበብ የመጀመሪያው ይቀላል። ኔትወርክ የሚቆራረጥበት ቢሮ ያለ ዩኒየን ግን ሁለተኛውን ይጫን፤ አንዴ ከገባ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ የጀርባ ካሬ መስመሮችንም ያጠፋል። ሁለቱንም በስልክ አትሞክሩ፣ ጣት ለዚህ ሥራ ወፍራም ነው።

ትልቁ ነገር ግን የሶፍትዌሩ ምርጫ አይደለም፣ ፎቶው ነው። ከ250 እስከ 450 ሴንት የሚሄድ ግራፍ ቁመቱ 500 ፒክሰል ከሆነ፣ አንድ ፒክሰል 0.4 ሴንት ነው ማለት ነው። መስመሩ ራሱ 3 ፒክሰል ከወፈረ 1.2 ሴንት ሆነ፤ በኮንቴይነር ወደ 508 ዶላር። ሶፍትዌሩ ነጥብ አራት አሃዝ ቢያሳያችሁም አትመኑት።

ግራፉ ከዜሮ አለመጀመሩም ያታልላል። ከ370 የሚጀምር ግራፍ ላይ 380 የነበረው 400 ሲገባ ለዓይን ሦስት እጥፍ ያደገ ይመስላል፤ እውነተኛው ጭማሪ 5 በመቶ አካባቢ ነው። እዚህ ላይ ሶፍትዌሩ በጣም ይጠቅማል፣ የወሬውን ትኩሳት ያበርዳል።

የረጅም ዓመት ግራፍ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ቡና በ2019 (እ.ኤ.አ.) ከ1 ዶላር በታች ወርዶ፣ በፌብሩዋሪ 2025 ከ4 ዶላር በላይ ወጥቷል። ይህን ያህል የተራራቀ ዋጋ አንዳንዴ በሎግ ስኬል ይሳላል። በ100 እና በ400 መሃል ያለው ነጥብ እዚያ ላይ 200 ነው። ሎግ የሚለውን ምልክት ካላደረጋችሁ ሶፍትዌሩ 250 ብሎ ያነብላችኋል። 50 ሴንት! ጎን ላይ የተጻፉት ቁጥሮች እኩል እርምጃ የማይሄዱ ከሆነ ጠርጥሩ።

የኮንትራት ወሩንም እዩ። ኒውዮርክ ላይ ማርች፣ ሜይ፣ ጁላይ፣ ሴፕቴምበርና ዲሴምበር ናቸው የሚገበያዩት። ግራፉ ከማርች ወደ ሜይ ሲዞር፣ ሜይ 8 ሴንት ዝቅ ካለ መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል፤ ገበያው ግን አልወረደም። ሶፍትዌሩ ይህን አያውቅም፣ የተሳለውን ብቻ ነው የሚያነበው።

«በስልክ ፎቶ አንስቶ ዋጋ የሚናገር የለም ወይ?» ላላችሁን፦ ፈረንጆቹ የሚሰበስቧቸውን የፖኬሞንና የስፖርተኛ ካርዶች ዋጋ የሚገምቱ አፖች አሉ። ችግራቸው ለእኛ አዲስ አይደለም። ካርዱም ከ1 እስከ 10 ደረጃ ይወጣለታል፣ የ9 እና የ10 ዋጋ ሰማይና ምድር ሊሆን ይችላል፤ ፎቶ ያንን በደንብ አይለይም። ሻጭ የጠራውን ዋጋና በእርግጥ የተሸጠበትንም ማምታታት አለ። ያልተቀመሰ ሲዳማን በፎቶ ደረጃ አውጣ እንደ ማለት ነው። ቻት ቦቶችም ግራፍ ስትሰጧቸው ሳይለኩ አሳማኝ ቁጥር ሊነግሯችሁ ይችላሉ።

ስለዚህ ከመጠቀማችሁ በፊት የመዝጊያ ዋጋውን በእርግጠኝነት የምታውቁትን አንድ ቀን ከግራፉ አንብቡና አስተያዩ። ከ2 ሴንት በላይ ከተለያየ ነጥቦቹን እንደገና አስቀምጡ። ለእኛም ግራፍ ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩልን፤ ቴሌግራም ፎቶውን ሲያሳንሰው መስመሩ ይደበዝዛል። የኮንትራቱ ወር የተጻፈበትን ጥግ አትቁረጡት።