«ላይኛው ምክር ቤት»ን በአማርኛ ስለ መሰየም
ከሕግ መወሰኛ ምክር ቤት እስከ አውስትራልያ ክፍለ ግዛቶች

1. መነሻ

የመንግሥት ተቋማትን ስም ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ የሚመልስ ሰው ከቃሉ በፊት ቃሉ የቆመበትን ሥርዐት መመርመር ይገባዋል። ይህ በመርሕ ደረጃ የታወቀ ቢሆንም በሥራ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከስሕተቱ ነጻ አይደለም። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በአውስትራልያ የኩዊንስላንድ ላይኛ ምክር ቤት አባል ስለ ነበሩ አንድ ሰው የተጻፈ አጭር የሕይወት ታሪክ ወደ አማርኛ ሲመልስ «የሕግ አውጪ ምክር ቤት አባል ሆነው ተመረጡ» ብሎ ጽፎ ነበር።

ዐረፍተ ነገሩ በሰዋስው በኩል እንከን የለበትም። በይዘቱ ግን ሁለት ስሕተቶችን ተሸክሟል። አንደኛ፣ ሰውየው አልተመረጡም፤ ለዕድሜ ልክ ተሾሙ እንጂ። ሁለተኛ፣ «ሕግ አውጪ» የሚለው ቅጽል በአማርኛ ሕግ የሚያወጣውን የመንግሥት አካል በጠቅላላ ስለሚያመለክት፣ ሰውየው ከሁለቱ ምክር ቤቶች በየትኛው እንደ ነበሩ አንባቢው ሊያውቅ አይችልም። ውሎ አድሮ አንድ ተማሪ ይህንኑ ትርጉም ዋቢ አድርጎ፣ የኩዊንስላንድ ሕዝብ በዚያ ዘመን የላይኛውን ምክር ቤት አባላት በድምፁ ይመርጥ እንደ ነበር ጻፈ። ጥፋቱ የተማሪው አልነበረም። በአንድ ግሥ ምክንያት የገዥ ሹመኛ የሕዝብ ምርጥ ሆኖ ተገኘ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለስሕተቱ መንሥኤ የሆኑትን ቃላት አንድ በአንድ መመርመርና ለተርጓሚዎች የሚያገለግል ሐሳብ ማቅረብ ነው።

2. የላይኛው ምክር ቤት በኢትዮጵያ

ሁለት ምክር ቤቶች ያሉት ፓርላማ በኢትዮጵያ የተቋቋመው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. በታወጀው ሕገ መንግሥት ነው። የላይኛው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት፣ የታችኛው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተባለ። የመወሰኛው አባላት በሚኒስትርነት፣ በዳኝነት ወይም በጦር አዛዥነት ረዥም ዘመን ካገለገሉ መሳፍንትና መኳንንት መካከል በንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበር። የመምሪያው አባላት ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በመኳንንቱና በየአካባቢው ሹማምንት እንዲመረጡ ተደነገገ።

ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ስሞቹን እንዳሉ ጠብቆ ይዘታቸውን ለወጠ። የመምሪያው አባላት በሕዝብ ድምፅ እንዲመረጡ ሲወሰን፣ የመጀመሪያው ምርጫም እ.ኤ.አ. በ1957 ተካሄደ። የመወሰኛው አባላት ግን ከቀድሞው ሳይለወጥ በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ሆኑ። ቁጥራቸው ከመምሪያው አባላት ግማሽ እንዳይበልጥ፣ ዕድሜያቸው ከ35 ዓመት እንዳያንስ፣ የአገልግሎት ዘመናቸውም 6 ዓመት እንዲሆን ተደነገገ። በመጀመሪያ የተሾሙት በሦስት ክፍል ተመድበው፣ በየሁለት ዓመቱ አንዱ ክፍል በሌሎች የሚተካበት ሥርዐት ተዘረጋ። የመንግሥት ገንዘብ ወጪንና ግብርን የሚመለከት የሕግ ሐሳብ አስቀድሞ ለመምሪያው መቅረብ ነበረበት። ሁለቱም ምክር ቤቶች የተዘጉት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ በኋላ በ1980 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ሸንጎ አንድ ምክር ቤት ብቻ ነበር። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት እንደ ገና ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቋመ፦ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትንና የፌዴሬሽን ምክር ቤትን። ሆኖም የፌዴሬሽን ምክር ቤት የቀድሞው መወሰኛ ወራሽ አይደለም። በውስጡ እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ አባል ይኖረዋል፤ ለተጨማሪ አንድ ሚሊዮን ሕዝብም አንድ አባል ይጨመርለታል። ዋና ተግባሩ ሕገ መንግሥትን መተርጐም እንጂ የዕለት ተዕለት የሕግ ረቂቆችን መርምሮ ማጽደቅ አይደለም። ስለዚህ የውጭ አገርን የላይኛ ምክር ቤት «የፌዴሬሽን ምክር ቤት» ብሎ መመለስ፣ ወይም የፌዴሬሽን ምክር ቤትን «የሕግ መወሰኛ» ብሎ መጥራት፣ ሁለቱም አንባቢን ያሳስታሉ።

3. መምሪያ፣ መወሰኛ፣ እንደራሴ

«መወሰኛ» ወሰነ ከሚለው፣ «መምሪያ» ደግሞ መራ ከሚለው ግሥ የወጡ የመሣሪያና የቦታ ስሞች ናቸው። ወሰነ «ወሰን አበጀ፣ ገደበ፣ ቁርጥ አሳብ ሰጠ» የሚሉ ፍቺዎችን ያቅፋል። በዚህ መሠረት መወሰኛው ሕግ የሚቆረጥበት፣ መምሪያው ሕግ የሚመራበት ቤት ይሆናል። ስያሜው የሥራ ቅደም ተከተልን ብቻ ሳይሆን የክብር ደረጃንም ያሳያል፤ የመጨረሻው ቃል የተሿሚዎቹ እንደ ሆነ ያስመስላልና። በሕጉ ግን የመጨረሻው ቃል የንጉሠ ነገሥቱ ነበር።

የዛሬ አንባቢ ሁለቱን ስሞች የሚያደባልቀው ያለ ምክንያት አይደለም። «መምሪያ» በጊዜ ብዛት ሌላ ሥራ ይዟል። የጦር ጠቅላይ መምሪያ፣ የትምህርት መምሪያ ስንል የምናስበው የአስተዳደር ክፍልን ነው። ከዚሁ ግሥ የወጣው «መመሪያ» ደግሞ ከደንብ በታች የሚወጣ የሕግ ሰነድ ስም ሆኗል። ስለዚህ «የሕግ መምሪያ ምክር ቤት» የሚለውን የሚያነብ ወጣት፣ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት የሕግ ክፍልን ቢያስብ አይፈረድበትም።

«እንደራሴ» ለብቻው መታየት የሚገባው ቃል ነው። «እንደ» እና «ራሴ» ከሚሉት የተዋቀረ ሲሆን፣ ትርጉሙ «እንደ እኔ ሆኖ የሚሠራ» ማለት ነው። ስለዚህ ቃሉ በተነገረ ቁጥር «ራሴ» ባዩ ማን ነው? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ኤርትራ በፌዴሬሽን በነበረችበት ዘመን የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሲባል ባለቤቱ ንጉሡ ነው። የሕዝብ እንደራሴ ሲባል ባለቤቱ ሕዝቡ ነው። ከዚህ የተነሣ የመምሪያውን አባል እንደራሴ ማለት ተገቢ ሲሆን፣ የመወሰኛውን አባል ግን ያለ ማብራሪያ እንዲህ ብሎ መጥራት የውክልናውን ምንጭ ያዛባል።

4. የአውስትራልያ ክፍለ ግዛቶች

አውስትራልያ እ.ኤ.አ. በ1901 ፌዴሬሽን ስትሆን ስድስቱም ክፍለ ግዛቶች ከማዕከሉ ሴኔት የተለየ የየራሳቸው የላይኛ ምክር ቤት ነበራቸው። የሁሉም ስም ሌጂስሌቲቭ ካውንስል ነው። ተርጓሚውን የሚያሳስተውም ይህ የስም አንድነት ነው፤ ስሙ አንድ ሲሆን አባላቱ ወደ ምክር ቤቱ የሚገቡበት በር ግን የተለያየ ነበር።

በኒው ሳውዝ ዌልስና በኩዊንስላንድ አባላቱ በገዥው ለዕድሜ ልክ ይሾሙ ነበር። ገዥው የዘውዱ እንደራሴ ሲሆን፣ ሹመቱን የሚሰጠው በሚኒስትሮቹ ምክር ነው። የአባላቱ ቁጥር ወሰን ስላልነበረው፣ የታችኛው ምክር ቤት ያጸደቀው ሕግ በላይኛው ሲታገድ አዳዲስ አባላትን በመሾም ድምፁን ማዛወር ይቻል ነበር። የኩዊንስላንድ ፍጻሜም በዚህ መንገድ መጣ። ምክር ቤቱ ይሻር ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1917 ለሕዝብ ውሳኔ ቢቀርብ ሕዝቡ አልተቀበለውም። እ.ኤ.አ. በ1920 ግን መሻሩን የሚደግፉ 14 አዳዲስ አባላት ተሾሙ፤ በ1921 ምክር ቤቱ ራሱን የሚያፈርሰውን ሕግ አጸደቀ፤ በመጋቢት 1922 ሕጉ ጸና። እስከ ዛሬም ኩዊንስላንድ ባለ አንድ ምክር ቤት ናት።

በቀሩት አራቱ ክፍለ ግዛቶች፣ ማለትም በቪክቶሪያ፣ በሳውዝ አውስትራልያ፣ በታዝማኒያና በዌስተርን አውስትራልያ፣ አባላቱ ይመረጡ ነበር። ነገር ግን የመምረጥ መብት በንብረት ወይም በመሰል ብቃት የተገደበ ስለ ነበር፣ ለታችኛው ምክር ቤት የሚመርጥ ሁሉ ለላይኛው አይመርጥም። ለምሳሌ በዌስተርን አውስትራልያ ምክር ቤቱ ከ10 የምርጫ ክልሎች ሦስት ሦስት ሆነው የሚላኩ 30 አባላት ነበሩት፤ ዘመናቸው 6 ዓመት ሲሆን ከሦስቱ አንዱ በየሁለት ዓመቱ ይተካል። የ1948ቱን የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ለሚያስታውስ አንባቢ የመተካካቱ ሥርዐት እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ በዚያ መራጭ መኖሩ፣ በዚህ ግን ሿሚ መኖሩ ነው።

5. ተሾመ፣ ተመረጠ፣ ተበተነ፣ ተሻረ

አማርኛ «መረጠ» በሚለው አንድ ግሥ እህል መምረጥንም፣ ሰው መምረጥንም፣ ድምፅ መስጠትንም ይገልጻል። ግሡ መራጩ ማን እንደ ሆነ አይናገርም። የ1923ቱ የመምሪያ አባላት «ተመረጡ» ስንል መራጮቹ መኳንንቱ ናቸው። የ1910ሩ የዌስተርን አውስትራልያ አባል «ተመረጡ» ስንል መራጮቹ ብቃቱን ያሟሉ ሰዎች ናቸው። ከ1934 ጀምሮ የኒው ሳውዝ ዌልስ አባላት «ተመረጡ» ስንል መራጮቹ የሁለቱ ምክር ቤቶች አባላት ናቸው፤ ሕዝቡ በቀጥታ መምረጥ የጀመረው በ1978 ነው (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። ስለዚህ ግሡ በብቻው እንዳይቆም፣ መራጩም አብሮ እንዲጠቀስ ያስፈልጋል።

ተመሳሳይ ጥንቃቄ ለፍጻሜው ግሥ ይገባል። ምክር ቤት ለአዲስ ምርጫ ሲባል ሥራውን ሲያቆም «ተበተነ»፣ ተቋሙ ጨርሶ ሲጠፋ «ተሻረ» ወይም «ፈረሰ» ቢባል ሁለቱ ጽንሰ ሐሳቦች አይደባለቁም። ሹም ሽር የሚለው የቆየ አነጋገር እንደሚያስረዳው ሻረ የሾመ ተቃራኒ ነው፤ ከሰው ወደ ተቋም ቢሻገር ለጆሮ አይከብድም።

6. ሁሩታ ላይ የተነሣ ጥያቄ

ከጥቂት ጊዜ በፊት ጸሐፊው ሁሩታ ላይ፣ አማርኛና ኦሮምኛ እኩል ከሚናገሩ አንድ አዛውንት ጋር ስለዚሁ ጉዳይ ሲጨዋወት «የላይኛው ምክር ቤት» ሲባል ምን እንደሚረዱ ጠይቋቸው ነበር። «የሎዴ ሄጦሳ ወረዳ ምክር ቤት አለ፤ ከእሱ በላይ ጨፌው አለ፤ ከዚያ በላይ ደግሞ አዲስ አበባ ያለው» አሉ። በእርሳቸው ግንዛቤ «ላይኛ» ይግባኝ የሚባልበት እርከን ነው፤ እንደ ላይኛው ፍርድ ቤት ማለት ነው። በአንድ ደረጃ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቤቶች መሆናቸው ከተብራራላቸው በኋላ ግን «እንግዲያ አባባ በል፣ ሕጉ በሁለት ወንፊት ይነፋል በለኛ!» ብለው ነገሩን አሳጠሩት።

አስተያየታቸው ሁለት ቁም ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ «ላይኛ» የሚለው የዘወትር ቃል የሥልጣን እርከንን ስለሚያመለክት ለሙያ ቃልነት አስተማማኝ አይደለም። ሁለተኛ፣ ሕዝቡ ያለውን ቃል መመልከት ይጠቅማል። ኦሮምኛ «ማነ መሬ» ሲል እንደ አማርኛው «ቤት»ንና «ምክር»ን ያጣምራል፤ ቅደም ተከተሉ ብቻ ይለያያል። ጉባኤውን ብዙ ጊዜ አዳማ ላይ የሚያካሂደው የኦሮሚያ ምክር ቤት ግን ከገዳ ሥርዐት «ጨፌ» የሚለውን ስም ወስዷል። ቃሉ በመጀመሪያ ለምለም ሜዳ ማለት ሲሆን፣ ሸንጎ የሚቀመጥበት ሜዳ ስም ለሸንጎው ተላልፎለታል። አማርኛም ሲተረጉመው ሳይሆን «ጨፌ» ብሎ እንዳለ ሲቀበለው ተቋሙን ከሌላው ለይቶ ያሳያል። የተቋም ስም አንዳንድ ጊዜ ሳይተረጐም መቅረቱ ራሱ ትክክለኛ ትርጉም ነው።

7. የቀረበ ሐሳብ

ከዚህ በላይ በተዘረዘረው መሠረት የሚከተለው ለውይይት ቀርቧል።

ሀ) «የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት» እና «የሕግ መምሪያ ምክር ቤት» ከ1923 እስከ 1967 ዓ.ም. ለነበሩት የኢትዮጵያ ምክር ቤቶች የተጸውዖ ስም ሆነው ይጠበቁ።

ለ) ለጠቅላላው ጽንሰ ሐሳብ «ላዕላይ ምክር ቤት» እና «ታሕታይ ምክር ቤት» ይባል። የግእዙ ቅርጽ ከዘወትሩ «ላይኛ» ስለሚለይ የሙያ ቃል መሆኑን ያሳውቃል። ላዕላይ መዋቅርና ታሕታይ መዋቅር የሚሉት ቃላት በፖለቲካ ጽሑፎች ውስጥ መንገዱን ቀድመው ጠርገዋል።

ሐ) የአውስትራልያ ክፍለ ግዛቶች ሌጂስሌቲቭ ካውንስል «የሕግ ምክር ቤት»፣ ሌጂስሌቲቭ አሴምብሊ «የሕግ ጉባኤ» ይባል፤ በመጀመሪያ ሲጠቀሱም «ላዕላይ» ወይም «ታሕታይ» የሚለው ይጨመር። ለማዕከሉ «ሴኔት» የሚለው የተለመደ የውሰት ቃል ይያዝ።

መ) አባላቱ «የሕግ ምክር ቤት አባል» ይባሉ፤ «እንደራሴ» የሕዝብ ውክልና ላላቸው ብቻ ይዋል። በስማቸው ፊት የሚገባው የአክብሮት መጠሪያ «ክቡር» ተብሎ ቢመለስ ይስማማል።

ሠ) የአባልነቱ አገኛኘት ሁልጊዜ ከነባለቤቱ ይጻፍ፦ «በገዥው ለዕድሜ ልክ ተሾሙ»፣ «በባለንብረት መራጮች ተመረጡ»፣ «በሁለቱ ምክር ቤቶች አባላት ተመረጡ»።

«ላዕላይ» የሚለውም ቢሆን ለሰፊው አንባቢ ያለ ማብራሪያ እንደማይበቃ ይታወቃል። ስለዚህ በመጀመሪያ በተጻፈበት ቦታ አንድ ዐረፍተ ነገር ማብራሪያ ይጨመርለት። በመነሻው የተጠቀሰው ትርጉም ዛሬ ቢታረም እንዲህ ይነበባል፦ «እኒህ ሰው የኩዊንስላንድ የሕግ ምክር ቤት፣ ማለትም የላዕላዩ ምክር ቤት፣ አባል እንዲሆኑ በገዥው ለዕድሜ ልክ ተሾሙ።» ዐረፍተ ነገሩ ከቀድሞው ይረዝማል፤ ነገር ግን የሚያነበው ተማሪ ያልነበረ ምርጫ ነበረ ብሎ አይጽፍም።