የዘነበወርቅ ጥልፍ

አዲስ አበባ ውስጥ ዘነበወርቅ ሲባል የብዙው ሰው ሐሳብ ቶሎ የሚሄደው ወደ ሥጋ ደዌ ነው። በሰፈሩ ያለው አለርት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1965 ከመቋቋሙ በፊትም ሕሙማን ከየክፍለ ሀገሩ እየመጡ ይታከሙበት ነበር፤ ወደ ቀያቸው ለመመለስ ፊት ያጡትም እዚያው ጎጆ ቀልሰው ቀርተዋል። ያን ያህል የማይወራለት የሰፈሩ የእጅ ሥራ ነው፤ ከበሽታው የዳኑ ሴቶች የሚጠልፉት የጠረጴዛና የትራስ ልብስ፣ የሚፈትሉት ክር፣ ከዚያም የሚሸመነው ጨርቅ። ሥራው አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው እንደ ችግረኛ መርጃ ነው። እኔ ግን እነዚህ ባለሙያዎች ለኅብረተሰቡ የሚመልሱት ውለታ ከተቀበሉት እንደማያንስ እሞግታለሁ።

ይህን ለመረዳት መጀመሪያ በሽታው እጅን ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ይጠቅማል። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ቀዝቀዝ ያለ የሰውነት ክፍል ስለሚስማማው ለቆዳ ቅርብ የሆኑትን ነርቮች ያጠቃል። በክርን በኩል የሚያልፈው ነርቭ ሲጎዳ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ይቆለመማሉ፤ ሌሎቹ የእጅ ነርቮችም ሲጎዱ እጅ ሙቀትና ሕመም መለየት ያቆማል። ጣት የሚያጥረው ብዙዎች እንደሚያስቡት በሽታው ቆርጦ ስለሚጥለው አይደለም፤ ሕመም የማይሰማው እጅ በእሳትና በስለት እየተጎዳ፣ ቁስሉም እየመረቀዘ ስለሚሄድ ነው። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ቢገድልም የሞተውን ነርቭ አይመልስም። ስለዚህ እጇ የደነዘዘ ጠላፊ መርፌውን የምትመራው በዓይኗ ነው። ቢወጋትም አይታወቃትምና ጣቷ ላይ የብረት ቆብ ታጠልቃለች፣ በየመሀሉም መዳፏን እያገላበጠች ትመረምራለች። ሌላው በዳሰሳ የሚያደርገውን እሷ በጥንቃቄ ትተካዋለች።

የሚመለሰው ውለታ የበሽታውን ፍርሃት ከመቀነስ ይጀምራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 የመከረው የጣምራ መድኃኒት ሕክምና እንደ በሽታው ዓይነት በ6 ወይም በ12 ወር ያድናል፤ ታማሚው መድኃኒቱን በጀመረ በጥቂት ጊዜ ውስጥም ማስተላለፉ ይቆማል። ይህ በየጤና ጣቢያው ቢነገርም ፍርሃቱ ዛሬም አልለቀቀም። የዳነ ሰው የሠራው ጨርቅ ማዕድ ላይ ሲነጠፍ ግን ከብዙ ስብከት የበለጠ ያስረዳል። ከዚህም በላይ፣ የምርመራ ውጤቷን ሰምታ ሰማይ የተደፋባት አዲስ ታማሚ ከፊቷ የምታያት ጠላፊ ትናንት እንደሷ የነበረች ናት፤ ሙያውንም፣ የደነዘዘ እጅ አጠባበቁንም ከእሷ ትማራለች። ይህን የትኛውም ሐኪም በዚያው ጉልበት ሊሰጣት አይችልም።

«ሰው የሚገዛው አዝኖ እንጂ ወድዶ አይደለም» የሚል ክርክር ይነሳል። በከፊል እውነት ነው። ግን ጥፋቱ የጥልፉ ሳይሆን የገዢው ነው፤ መድኃኒቱም ሥራውን በጥራቱ መመዘን ነው። «ለብቻ ማሠራት መገለልን ያጸናል» የሚለው ስጋት ከዚህ ይከብዳል። አገራችን ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪውንና ቀጥቃጩን ለዘመናት እየናቀች የእጃቸውን ውጤት ስትጠቀም ኖራለች፤ ከደዌ የዳነውን ሁሉ ወደ እጅ ሥራ ብቻ መግፋትም ያንኑ ንቀት መድገም ይሆናል። መልሱ ግን ሙያውን መዝጋት አይደለም። ልጆቻቸው የፈለጉትን እንዲማሩ፣ የዳኑትም የወደዱትን ሥራ እንዲይዙ በሩ ይከፈት፤ ጥልፍን የመረጠች ደግሞ የባለሙያ ዋጋ ታግኝ።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥልፍ ሲገጥማችሁ ጀርባውን ገልብጣችሁ አጠላለፉን እዩ። ክሩ ካልተዝረከረከ፣ ስፌቱም እኩል ከሆነ የተጠየቀውን ክፈሉ። ካልወደዳችሁት አትግዙ፤ ለምጽዋት ብላችሁ ግን ባለሙያዋን ተመጽዋች አታድርጓት።