የፋጢማ ጥያቄዎች በካርቱም ምክር ቤት

በ1960ዎቹ መጀመሪያ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንዲት ሱዳናዊት አስተማሪ ስታገባ ቋሚ ሥራዋን ትለቃለች። ማስተማሯን ብትቀጥልም ውሏ በየወሩ የሚታደስ ስለሚሆን ጡረታ የላትም። ትዳሩ መሮባት ወላጆቿ ዘንድ ብትጠጋ ደግሞ ባልየው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ በፖሊስ ያስመልሳታል። ይህን ሥርዓት ሱዳኖች «ቤት አል ጧዓ»፣ የመታዘዣ ቤት፣ ይሉታል። ፋጢማ አሕመድ ኢብራሂም በ1965 ለሱዳን ምክር ቤት ሲወዳደሩ ይዘዋቸው የተነሡት ጉዳዮች እነዚህ ነበሩ፦ ለእኩል ሥራ እኩል ደመወዝ፣ የወሊድ ፈቃድ፣ ጡረታ፣ የወርሃዊው ውል መቅረት፣ የመታዘዣ ቤት መዘጋት፣ ያለዕድሜ ጋብቻ መቆም።

ለውድድሩ በር የከፈተው የጥቅምት 1964 ሕዝባዊ አመፅ ነው። ካርቱም ላይ ሴቶችም ከወንዶች ጋር አደባባይ ወጥተው የጄኔራል ዐቡድን ወታደራዊ መንግሥት ጣሉ፤ የመምረጥና የመመረጥ መብትም አገኙ። ቀደም ሲል፣ በ1953ቱ ምርጫ፣ ድምፅ የተፈቀደላቸው ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ ጥቂት ሴቶች ብቻ ነበሩ። በ1965 ለተማሩ ዜጎች 15 ወንበሮች ተለይተው ተቀመጡ። የፋጢማ ፓርቲ፣ ኮሚኒስቶቹ፣ 11ዱን ወሰዱ፤ ፋጢማም በእነዚሁ በምሩቃን ወንበሮች ገብተው የመጀመሪያዋ የሱዳን ሴት የሕዝብ እንደራሴ ሆኑ። እስላማዊው መሪ ሐሰን አል ቱራቢም የገቡት በዚያው በር ነው። እኛ ዘንድ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ስንዱ ገብሩ የተመረጡት በ1957 ስለሆነ በዚህ ረገድ አዲስ አበባ ካርቱምን በስምንት ዓመት ትቀድማለች።

ፋጢማ ከድሃ ቤት ወይም ካልተማረ ቤተሰብ አልወጡም። አባታቸው መምህርና ኢማም ነበሩ፤ ወንድማቸው ሳላሕ ደግሞ ስመ ጥር ገጣሚ። ኦምዱርማን በሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳሉ የሳይንስ ትምህርት ተነሥቶ በቤት አያያዝ ሊተካ ሲል ተማሪዎቹን አስተባብረው አድማ መቱ። በ1952 የሱዳን ሴቶች ኅብረትን ከመሠረቱት አንዷ ናቸው፤ ከ1955 ጀምሮም «ሰውት አል መርአ» (የሴት ድምፅ) የተባለውን መጽሔት አዘጋጁ። ምክር ቤት ሲገቡ የያዙት ጥያቄ እንግዲህ ለምርጫ ተብሎ የተሰናዳ አልነበረም፤ ከአሥር ዓመት በላይ ሲጻፍበትና ሲታገሉለት የኖረ ነው።

እኔን ከሁሉ የሚስበኝ ሙግታቸው ነው። ተቃዋሚዎቻቸው የሴት እኩልነት ከእስልምና ጋር አይሄድም ሲሏቸው፣ ሃይማኖቱን ሳይሸሹ ከራሱ ከእስልምና ውስጥ እየጠቀሱ መለሱ። ኮሚኒስት ሆነው የሱዳን ሴቶችን ባህላዊ ልብስ፣ ነጭ ቶብ፣ ለብሰው በአደባባይ ይቆሙ ነበር፤ የሴት ነፃነት የአገር ወግን መጣል ነው ብለው አያምኑም። ስለዚህ የገጠር እናት ሳትሸሻቸው ሰማቻቸው። ሙግታቸው ግን ጎድሎ የሚታይበት ቦታ አለ። የሴት ልጅ ግርዛትን ትምህርትና ኑሮ ሲሻሻል እየቀረ የሚሄድ የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው ስላዩት ከትግላቸው ፊት አላሰለፉትም። በእኔ እምነት ያ ጉዳይ ያን ያህል መቆየት አልነበረበትም።

በ1965 መጨረሻ ምክር ቤቱ የኮሚኒስት ፓርቲውን አገደ፤ እንደራሴዎቹንም አባረረ። ፍርድ ቤት እገዳው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ቢወስን መንግሥት አልሰማም፤ የዳኞቹ አለቃ ባቢከር ዐወደላህ በ1967 ሥራቸውን ለቀቁ። በ1968ቱ ምርጫ የምሩቃኑ ወንበሮች ጨርሰው ተነሡ። ፋጢማ የተመረጡበት ወንበር ራሱ ስለጠፋ እዚያው ቦታ ዳግም መወዳደር የማይታሰብ ሆነ። ጥያቄዎቹ ግን መልስ ማግኘት ጀመሩ፦ እኩል ደመወዝ፣ የወሊድ ፈቃድና ጡረታ በዚያው አሥርት ማብቂያ ላይ ተፈቀዱ፤ ወርሃዊው ውል ቀረ፤ በፖሊስ ማስመለሱም በ1970 መባቻ ገደማ ቆመ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ከባድ ነው። በሐምሌ 1971 የከሸፈውን መፈንቅለ መንግሥት ተከትሎ የወቅቱ ወታደራዊ ገዢ ኒሜሪ የፋጢማን ባለቤት፣ የሠራተኛ ማኅበራት መሪውን አል ሻፊዕ አሕመድ አል ሼኽን፣ ሰቀሏቸው፤ ፋጢማ በቁም እስር ተቀመጡ። ሌላው ወታደራዊ ገዢ አል በሽር ሥልጣን ከያዙ በኋላ ፋጢማ ለንደን ተሰደዱ። በዚያው ዘመን፣ በ1991፣ የወጣው የሙስሊሞች የቤተሰብ ሕግ የሚስትን ታዛዥነት እንደገና ደነገገ፤ የአሥር ዓመት ልጅ እንኳ በዳኛ ፈቃድ እንድትዳር በር ከፈተ።

ፋጢማ በ2005 የሰሜንና የደቡቡን ጦርነት ከቋጨው የሰላም ስምምነት በኋላ ተመልሰው ምክር ቤት ሲገቡ፣ ከአርባ ዓመት በፊት የተከራከሩበት ጉዳይ እዚያው ጠበቃቸው። ነሐሴ 2017 ለንደን ውስጥ ዐርፈው ኦምዱርማን ተቀበሩ፤ ሊሸኙ የመጡትን የመንግሥት ባለ ሥልጣናት ለቀስተኛው በመፈክር አባረራቸው። በ2020፣ አል በሽር ከወደቁ በኋላ፣ ግርዛት ወንጀል ሆነ። የ1991ዱ የቤተሰብ ሕግ ግን በሚያዝያ 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳም ገና አልተሻረም ነበር።